ከሞጆ እስከ አሚባራ፤ ዛፎች ውኃን የሚሹበት መንገድ

ባለፈው የካቲት ወር ከአንድ ባልደረባችን ጋር ከአዲስ አበባ ተነስተን ወደ አፋር ምድር ወርደን ነበር። የሄድነው ለለቅሶ ቢሆንም፣ በመንገድ ያየነውን ሳናካፍላችሁ መቅረት አልወደድንም።

ሞጆን አልፈን ወደ አዳማ ስናመራ፣ እህሉ ታጭዶ ባዶ በቀረው ማሳ መካከል ቅጠሉን ለብሶ የቆመ ዛፍ አየን። ገርቢ ይባላል። ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በጋ ሲገባ ደግሞ ይለብሳል። ይህን የሚያደርገው ዋናው ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ የከርሰ ምድር ውኃ ስለሚደርስለት ነው። ገበሬውም በከንቱ አላስቀረውም። ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት ጥላ አይጥልበትም፣ ውኃም ብዙ አይሻማውም፤ የረገፈውም ቅጠል አፈሩን ያዳብራል።

መተሐራን አልፈን ወደ አዋሽ ሰባት ስንቃረብ፣ ጃንጥላ የመሰለው ግራር ብቻውን ነገሠ። ከአንዱ ጥላ ሥር ዙህርን ሰገድን። ቅጠሉን ቀጥፈን ብናየው ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው። ዛፍ ውኃን የሚስበው ከላይ ነው፤ በቅጠሉ ረቂቅ ቀዳዳዎች እርጥበት በተነነ ቁጥር፣ በግንዱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ያለው ውኃ ተያይዞ ከሥር ይጎተታል። ቅጠሉ ያነሰ፣ ቀዳዳውንም በቀትር የሚዘጋ ዛፍ ታዲያ ያለውን ይቆጥባል። ሥሩማ ሌላ ጉድ ነው። በኒጀር በረሃ፣ በቴኔሬ፣ ብቻውን ቆሞ የቅፍለት መንገደኞችን ይመራ የነበረ አንድ ግራር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በአጠገቡ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ሥሩ ከ30 ሜትር በላይ ጠልቆ ተገኘ። (በዚያ ሁሉ ባዶ ምድር ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የጭነት መኪና ገጭቶ ጣለው!)

ከሁሉ ያስደነቀን ግን ግራሩ ሌሊት የሚሠራው ነው። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ ከጥልቁ የወጣው ውኃ በላይኞቹ ሥሮች በኩል ወደ ደረቁ አፈር ይፈሳል። ሣሩም ከዚያ ይቀምሳል፤ ይሁን እንጂ ዛፉ በማግሥቱ መልሶ ስለሚጠጣው ትርፉ ሁልጊዜ ለሣሩ አይደለም።

ከአዋሽ ሰባት ወደ ሰሜን ታጥፈን አሚባራ ስንደርስ፣ ግራና ቀኙ በአረንጓዴ ጫካ ተሞላ። ባልደረባችን «ማሻአላህ!» አለ። ሹፌሩ ሳቀበት።

ጫካው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ነው። በረሃማነትን ይከላከላል፣ ጥላና ማገዶም ይሆናል ተብሎ በደርግ ዘመን ተተከለ፤ አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ማለትም የደርግ ዛፍ ይሉታል። ፍየሎች ጣፋጭ ፍሬውን በልተው ዘሩን ከበጠጣቸው ጋር በየደረሱበት ይጥሉታል። የዚህ ዛፍ የቅርብ ዘመድ በአሜሪካ፣ በአሪዞና፣ ሥሩ 53 ሜትር ድረስ ወርዶ ተገኝቷል። በአፋር የተደረገ ጥናት እንደሚለው አንዱ ዛፍ በቀን በአማካይ 7 ሊትር ያህል ይጠጣል። ይህ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን እጅብ ብሎ ሲበቅል፣ በድርቁም ወራት ጭምር ስለማያቋርጥ፣ የአዋሽ ዳርቻው ጫካ በዓመት ከ1200 ሚሊሜትር ዝናብ ጋር የሚተካከል ውኃ ያተናል። በዚያ ምድር የሚዘንበው ግን በዓመት 600 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የቀረውን ከወንዙና ከከርሰ ምድር ይወስዳል ማለት ነው።

ለቅሶ የደረስንላቸው ሽማግሌ ይህን ሁሉ ቁጥር ሳይሹ ያውቁታል። ከቤታቸው በታች ያለውን ጫካ እያሳዩን፣ «ልጅ ሳለን ከብቶቻችን እዚህ ሣር ውስጥ ገብተው ጀርባቸው አይታይም ነበር» አሉን። አሁን ከሥሩ ሣር የለም፤ ከብቶቹም ተሽጠዋል፣ የቀሩት ፍየሎች ናቸው። ከዚያ «ልጆቼ፣ እናንተ መምህራን ናችሁ፤ ይህን ዛፍ ተክሉ ያሉንም የተማሩ ሰዎች ነበሩ» ሲሉን አንገታችንን ደፋን። እኛም ተማሪዎቻችንን ስለ ውኃው ሳንጠይቅ «ቶሎ የሚያድገውን ትከሉ» ያልንበት ጊዜ ነበር።

«አባቴ፣ ለምን አይቆርጡትም?» ብለን ጠየቅን።

«ስንቴ ቆረጥነው! አንዱን ስትጥለው አሥር ሆኖ ይነሣል።»

እውነታቸውን ነው፤ ከአፈሩ በታች ያለው የግንዱ እግር ተቆፍሮ ካልወጣ ከዚያው ያቆጠቁጣል። ይህን ስንነግራቸው ዝም ብለው አሰቡና ከውኃ ጉድጓዳቸው አጠገብ ያሉትን ዛፎች ቆጠሩ። አሥራ አራት ነበሩ። በማግሥቱ ፈጅርን ሰግደን ስንሰናበታቸው፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር የመጀመሪያውን መቆፈር ጀምረው ነበር፤ እስከ ጉልበታቸውም ወርደው ነበር።