ስለ አንድ የነገሥታት ጨዋታ

ሰው ከሥራው በኋላ የሚጫወተው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሥራውን ጥላ ይመስላል። እረኛው በገበጣ ጕድጓድ ጠጠር ሲዘራና ሲሰበስብ ይውላል፤ በቀድሞ ዘመን የነበሩት መኳንንትም ሰንጠረዥ ዘርግተው ንጉሥን ከንጉሥ ያጋጥሙ ነበር። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እጅግ ይወዱ እንደ ነበረ ጽፏል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው አገር ሰንጠረዥ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም ወረራ የሚባለው ነው። በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እያንዳንዱ በእጁ ፍጥነት ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ከበላ በኋላ ነው።

በዛሬው ዘመን በኮምፒዩተር ከሚጫወቱት ጨዋታዎች መካከል ይህን ወረራ የሚመስል አንድ አለ፤ ስሙም በላቲን ቋንቋ ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ ይባላል። በዚህ ጨዋታ ማንም ተራ አይጠብቅም። የዓለም መንግሥታት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀኑ አንድ በአንድ ይነጉዳል፤ ተጫዋቹ ማሰብ ሲፈልግ ብቻ ጊዜን ገትቶ ያቆማል። ጊዜን ማቆም ለእውነተኛ ንጉሥ ያልተሰጠ ሥልጣን ነው፤ ነገር ግን ሌላው ችግር ሁሉ ተሰጥቶታል።

ጨዋታው መጀመሪያ የተወለደው በወረቀት ላይ ነው። ፊሊፕ ቲቦ የሚባል ፈረንሳዊ በ1993 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በገበታ ላይ ተዘርግቶ የሚጫወቱት አድርጎ አወጣው። በስቶክሆልም የሚገኘው ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ደግሞ በ2000 ወደ ኮምፒዩተር አዛወረው። ሁለተኛው በ2001፥ ሦስተኛው በ2007፥ አራተኛውም በ2013 ተከተለ። አምስተኛው በኖቬምበር 2025 ወጥቷል፤ ሆኖም አራተኛውን የወደዱት ሰዎች እንደ አሮጌ ልብስ አልጣሉትም። ይህ ፍቅር ከምን የመጣ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው ምክንያት የጨዋታው መነሻ ቀን ነው። አራተኛው ጨዋታ የሚጀምረው በኖቬምበር 11 ቀን 1444 ነው። ቀኑ እንዲያው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በዋዜማው በጥቁር ባሕር ዳር በቫርና በተደረገው ጦርነት የፖላንድና የሀንጋሪ ንጉሥ ቭላዲስላቭ ገና በ20 ዓመቱ ከቱርኮች ጋራ ሲዋጋ ሞቷል። ስለዚህ ተጫዋቹ ዓይኑን ሲገልጥ ፖላንድ ያለ ንጉሥ ተቀምጣለች። ቍስጥንጥንያ ገና አልወደቀችም፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመቶ ዓመቱን ጦርነት አልፈጸሙም፤ ኰሎምቦስ ገና አልተወለደም። በኢትዮጵያም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከነገሡ 10ኛ ዓመታቸው ነው። ተጫዋቹ በዚያ ቀን በምድር ላይ ከነበሩት መንግሥታት የወደደውን መርጦ፥ ናፖሊዮን እስከ ሞተበት ዓመት እስከ 1821 ድረስ ይገዛል። የታሪክ መጽሐፍ የሆነውን ይነግራል፤ ይህ ጨዋታ ግን ሊሆን ይችል የነበረውን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ድል የሚባል አንድ የተወሰነ መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው። አንዱ በጃፓን አጠገብ ያለችውን ትንሺቱን የርዩኪዩን ደሴት ይዞ ዓለምን ሁሉ ለመግዛት ይደክማል፤ ሌላው ደግሞ አንዲት የጀርመን ከተማ በታላላቆች መካከል ሳትዋጥ እንድትኖር ብቻ ይለፋል። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ግብ ለራሱ ሰጥቷልና።

ሦስተኛውም ምክንያት ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ጨዋታው ለስግብግብነት ዋጋ ያስከፍላል። ያለ ምክንያት ጦር ያነሣ ንጉሥ የአገሩ ጸጥታ ይናጋበታል። ጎረቤቱን በአንድ ጊዜ የዋጠ ንጉሥ የቀሩት ጎረቤቶቹ ተባብረው ይነሡበታል። አዲስ የያዘውን አገር ሳያረጋ ሌላ የጨመረም ዐመፅ በየአውራጃው ይፈላበታል። ከዚህም በላይ የንጉሡ ችሎታ በተጫዋቹ እጅ አይደለም። ችሎታው በሦስት ነገር ይመዘናል፤ በአስተዳደር፥ ከባዕድ መንግሥት ጋራ በመነጋገርና በጦር። እያንዳንዱም ከ0 እስከ 6 ይቈጠራል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ታየ የሚል ወሬ ይመጣል፤ ንጉሡ ከተሰጡት መልሶች የትኛውንም ቢመርጥ ጸጥታው በአንድ ደረጃ ይቀንሳል። ተጫዋቾቹ በዚህ ኮከብ ይሥቃሉ፤ ግን በሣቃቸው ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ ብልኅ ሰው ሁሉን ቢያሰናዳ እንኳ ያላሰበው ነገር እንደሚደርስበት ይማራሉ።

በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን አራተኛውን ጨዋታ ከወጣበት ዓመት ጀምሮ ይጫወታል። አባቱ ለብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ በስተርጅና ከልጃቸው ቤት ገብተው ይኖራሉ። ሽማግሌው ለሌሊት ጸሎት ሲነሡ መብራት እየበራ ያገኙታልና አንድ ሌሊት እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ ቀን የሰው ገንዘብ ትቈጥራለህ፤ ሌሊት የሰው አገር ትቈጥራለህ። የራስህን መቼ ልትቈጥር ነው?»

ልጁም አፍሮ ሊያጠፋው ሲል አባቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የንጉሥ ችሎታ በቍጥር መመዘኑን ሲነግራቸው ሣቁ፤ «ለሰሎሞን ስንት ይሰጡታል?» ብለው ጠየቁ።

«ስድስት፥ ስድስት፥ ስድስት ይሆናል፥ አባባ። ነገር ግን ልጁ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።»

«እርሱንስ እናውቃለን፤ ሮብዓም ነው» አሉ።

ንጉሡ ሞቶ ወራሹ 15 ዓመት ያልሞላው እንደ ሆነ አገሩን እንደራሴዎች እንደሚጠብቁለት፥ እነርሱም ጦር ማንሣት እንደማይችሉ ባየ ጊዜ መሪጌታው ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 በሕፃንነታቸው ሲነግሡ እቴጌ እሌኒ መንግሥቱን እንደ ያዙ አጫወቱት። ልጁ ይህን በትምህርት ቤት ሰምቶ ነበር፤ ግን በዚያ ሌሊት እንደ ገባው ከዚያ በፊት አልገባውም፤ በጨዋታው ውስጥ እንደራሴ ሆኖ፥ ጠላት በዳር እየከበበው፥ የሕፃኑን ልደት ሲቈጥር ያደረ ነውና።

መሪጌታው ግን ሁሉን አላመሰገኑም። የኢትዮጵያን ሃይማኖት ጨዋታው «ኮፕት» ብሎ መጥራቱን ተቃወሙ። ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ሊቀ ጳጳስዋን ከእስክንድርያ ታስመጣ እንደ ነበረች የታወቀ ነው፤ ሆኖም ኮፕት ማለት ግብጻዊ ማለት ነውና የአንዱ አገር ስም ለሌላው አይሆንም አሉ። ልጁም ሌላ ጕድለት ጨመረላቸው። በጨዋታው ውስጥ የንግድ ሀብት እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይፈሳል፤ የወንዙም መጨረሻ ቬኒስ፥ ጄኖቫና በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው ባሕር ነው። በሸዋም ሆነ በቻይና የነገሠ ተጫዋች ቢበረታ ከወንዙ ይቀዳል እንጂ ወንዙን ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም። ዓለሙ ሁሉ ተሥሏል፤ የሣለው ዓይን ግን የቆመው በአውሮፓ ነው።

ከዚያ ወዲያ በነበሩት ሳምንታት ልጁ የቢዛንታይንን መንግሥት ይዞ ነበር። ይህ መንግሥት በ1444 ከቍስጥንጥንያና በግሪክ ደቡብ ከነበረው ጥቂት አገር በቀር ምንም አልቀረለትም፤ በእውነተኛው ታሪክም በሜይ 29 ቀን 1453 ከተማዪቱ ወድቃለች። በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾች ሊያድኑት የሚደክሙበት ይህ ነው። ልጁም ብዙ ጊዜ ተሸነፈ፤ በመጨረሻ ግን መርከቦቹን ሰብስቦ ባሕረ ሰላጤውን ዘጋ፤ የቱርክ ሠራዊት ከእስያ ወደ አውሮፓ መሻገር ተሳነው፤ ከተማዪቱም ዳነች። ሌሊቱን ሮጦ አባቱን ቀሰቀሳቸው፤ «አባባ፥ ቍስጥንጥንያን አዳንኋት!» አላቸው።

ሽማግሌው መጥተው ተመለከቱ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «በውስጥዋ ማን ነበረ?» አሉ።

ልጁ የከተማዪቱን መዝገብ ከፈተ። የሃይማኖትዋ ስም፥ የነገድዋ ስም፥ የሚገበያዩባት ዕቃ፥ የግብርዋና የወታደርዋ ቍጥር ተጽፎ አገኘ። ሰው ግን አላገኘም።

ይህ ጥያቄ ልጁን አልለቀቀውም። ለ10 ዓመት ያህል ሲያየው የነበረውን ነገር እንደ አዲስ ይመለከተው ጀመር። በአፍሪካ ካርታ ላይ ወርቅ፥ ጨውና የዝሆን ጥርስ በሚጻፍበት ቦታ በአንዳንዱ አውራጃ «ባሮች» የሚል ተጽፏል፤ እንደ ማንኛውም ዕቃ ዋጋ አለው። ሰፋሪዎች በሚሄዱበት አገር የነባሩ ሕዝብ ቍጥር ይታያል፤ ወታደር ልኮ ይህን ሕዝብ ለማጥቃት የሚያዝዙበት ምልክትም አለ። ቍጥሩ ባዶ ሲሆን ሰፈራው ያለ ሁከት ያድጋል። ልጁ ይህን ምልክት ስንት ጊዜ እንደ ነካው አያስታውሰውም፤ በዚያ ሳምንት ግን እጁ ወደዚያው ሄዶ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ጨዋታው ክፉ ነው ብሎ መተው የቀለለ ነበር፤ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ባሪያ ንግዱም የነባሮች መጥፋትም በእነዚያ 376 ዓመታት በእውነት የሆነ ነው፤ ያን የደበቀ ጨዋታ የባሰ ውሸታም ይሆን ነበር። ክፋቱ የሚመጣው ተጫዋቹ ቍጥሩን ሲያይ ቍጥር ብቻ መሆኑን ያመነ እንደ ሆነ ነው። ይህም በጨዋታ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሕዝብ መዝገብ የሚይዝ ሹም ሁሉ የሚፈተንበት ነው።

ልጁ ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አወጣ። ይህን ጨዋታ ከሚወዱት መካከል ብዙዎች እንደ ዜና መዋዕል ጸሐፊ የመንግሥታቸውን ታሪክ በምዕራፍ እየከፈሉ ይጽፋሉ፤ ከፍቅራቸውም ታላቁ ክፍል ይህ ነው፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ታሪኩ ለሌላ ሰው የሚነገር ሆኖ ይቀራልና። እርሱም በደብተር መጻፍ ጀመረ። በየምዕራፉም መጨረሻ በጦርነቱ ከሁለቱም ወገን የሞቱትን ሰዎች ቍጥር ይጽፋል። አባቱ ዓይናቸው ስለ ደከመ ማታ ማታ ያነብላቸዋል። ሽማግሌው ስለ ቋንቋው ያርሙታል፤ ወደ ሟቾቹ ቍጥር ሲደርስ ግን ምንም ሳያርሙ «ነፍስ ይማር» ብለው ያልፋሉ።

አራተኛው ጨዋታ እንዲህ ዕድሜ ያገኘው ሠሪዎቹም ስላልተዉት ነው። በጃኑዋሪ 2014 ከወጣው ከመጀመሪያው ተጨማሪ ክፍል አንሥቶ በሜይ 2024 እስከ ወጣው ድረስ ለ10 ዓመት ያህል ሲያድሱትና ሲጨምሩበት ኖረዋል፤ በ2021ም የአፍሪካን መንግሥታት ኢትዮጵያን ጭምር የሚመለከት ክፍል ወጣለት። ይህ ሥራቸው ነቀፋ አላጣም። ተጨማሪው ክፍል ሁሉ በየራሱ ዋጋ ስለሚሸጥ ሙሉውን ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በኤፕሪል 2021 ሌዋታን ተብሎ የወጣው ክፍልም በስሕተት የተሞላ ስለ ነበረ ተጫዋቾቹ በአንድ ድምፅ ወቀሱት፤ የሥራው አለቃም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን ሰው በማይወደው ነገር እንዲህ አይቈጣም። ከተጫዋቾቹም አያሌዎቹ ያለ ደመወዝ ካርታውን እየለወጡ፥ ዘመኑን እያራዘሙ፥ ፈጽሞ ያልነበረ ዓለም እንኳ እየፈጠሩ ለሌላው በነጻ ሰጥተዋል።

የቅኔ መምህር ለተማሪው አንድን ቅኔ ደጋግሞ የሚያስቈጥረው ቃሉን እንዳይረሳ ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛው ቀን በመጀመሪያው ቀን ያላየውን እንዲያይ ነው። ይህ ጨዋታም በዚሁ ምክንያት ሳይሰለች ቈየ። የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ ያው ኖቬምበር 11 ነው፤ የሚከተለው ቀን ግን አንድም ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

ልጁ በቅርቡ እንደ ገና ኢትዮጵያን መርጦ ጀምሯል። መሪጌታው ይህን ሲሰሙ፥ «በዚህኛው የት ልትደርስ ነው?» አሉት። ልጁም፥ «ሩቅ አልሄድም፥ አባባ፤ ደብተሩን አጭር ላደርገው ነው» አለ። ሽማግሌው የትኛውን የደብተር ክፍል እንዳለ ገባቸው፤ ወንበራቸውንም ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።