ከሥራ የምትተርፍ ሰዓት

ኑሮውን በሌላ ሙያ የመሠረተ ሰው ሥዕልን ለጊዜ ማሳለፊያ ካልሆነ በቀር ሊሠራው አይችልም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ለመሆኑ ይህ እውነት ነውን?

በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ሰዓሊ ለማ ጉያ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ባልደረባ ሆነው ሲያገለግሉ ሥዕልን በራሳቸው ጥረት ተማሩ። አገሬው ስልቻና አቁማዳ የሚሠራበትን የፍየል ቆዳም በሸራ ፈንታ ሣሉበት። መደበኛ ሥራቸው ከጥበባቸው አላራቃቸውም።

እኔም በኩታበር መምህር ነኝ። የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የምትተርፈኝን ጥቂት ጊዜ ይዤ ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው አፋፍ እወጣለሁ። ወደ ዓባይ የሚገባው የበሽሎ ወንዝ መነሻው በዚያ አቅጣጫ ነው። ደመወዜ ከዚህ ስፍራ ስላሰረኝ፣ አንዱን ተዳፋት በየዓመቱ መስከረም ላይ እስላለሁ።

ሥዕሎቹን በተርታ ሳቆማቸው አንድ ነገር ይታያል። በመጀመሪያው አረንጓዴ ገብስ የሞላበት ጠርዝ፣ በኋለኞቹ ጎርፍ የቦረቦረው ራቁት አፈር ሆኗል። ለውጡ በአንድ ክረምት ለዓይን አይታወቅም፤ በስምንት ሥዕል ግን ጎልቶ ይወጣል። ወደ ክፍል ወስጄ ባሳየኋቸው ጊዜ አንድ ልጅ ተነሥቶ ጣቱን በቦረቦሩ ላይ አኖረና «ይህ የአባቴ ማሳ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርከን ሳስተምር ሥዕሎቹ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ይቆማሉ።

መንገደኛ ሰዓሊ የተዳፋቱን ውበት ይዞ ይሄዳል። በሥራው ምክንያት እዚያው የሚኖር ሰዓሊ ግን የተዳፋቱን ዕድሜ ይመዘግባል። የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ከሥራ የምትተርፈውን ሰዓት አንናቃት።