ከመገናኛ ገርጂ 3500 ብር

እኛ በጃክሮስ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሦስት ተማሪዎች ነን። አራተኛው ባልደረባችን ከቤተ ሰቡ ጋራ በገርጂ ይኖራል። ባለፈው መንፈቅ በሲ ቋንቋ እንድንሠራ የታዘዝነው፥ ከመገናኛና ከቦሌ የሚነሡትን ታክሲዎች ጉዞና ዋጋ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነበር።

ሥራውን ለማሳየት አንድ ሌሊት ሲቀረን፥ የገርጂው ባልደረባችን በሄደር ፋይሉ ውስጥ «ዋጋ» ከሚለው መስመር በላይ «ርቀት» የሚል መስመር ጨመረ፤ ርቀቱም በሜትር ነው። ሜክን ብናዘው ያለ አንዳች ስሕተት ጨረሰ። ፕሮግራሙን ስናስኬደው ግን ከመገናኛ ገርጂ የታክሲው ዋጋ 3500 ብር ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ ሳቅን፤ ኋላ ተቈጣን። ስልክ ደውለን «ያበላሸኸው አንተ ነህ» አልነው። እሱም ኮዱን መስመር በመስመር እያነበበልን «ምን አጠፋሁ?» ይለናል። እኛም የማይገባ ቃል ጨመርንበት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከእኛ አንዱ፥ ዐውቆ ሳይሆን ተስፋ ቈርጦ፥ የቀድሞዎቹን ኦብጀክት ፋይሎች በሙሉ ደምስሶ ሁሉን እንደ ገና ሠራው። ዋጋው ተስተካከለ። ከኮዱ ግን አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜክ የሚያውቀው በሜክፋይሉ የጻፍንለትን ብቻ ነው። ዋጋውን የሚያትመው ክፍል ያንን ሄደር እንደሚጠራ መጻፍ ረስተናል። ስለዚህ ሄደሩ ሲለወጥ መዝጋቢው ክፍል ታደሰ፤ አታሚው ግን በቀድሞው አቀማመጥ ቀረና፥ ዋጋው ይገኝበት ከነበረው ቦታ ርቀቱን እያነሣ «ብር ነው» ይለን ነበር።

እንዲህ ያለው መከራ በእኛ አልተጀመረም። ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብራቶሪ ሜክን እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራው፥ ባልደረባው ስቲቭ ጆንሰን ትክክለኛ ፕሮግራም ሲመረምር አንድ ጧት በከንቱ ስላለፈበት ነው፤ ስሕተቱ ታርሞ ሳለ ፋይሉ እንደ ገና ኮምፓይል አልተደረገም ነበር። ጆንሰን የረገመው ግን ዕድሉን ነው፤ እኛ ጓደኛችንን።

ስለዚህ ዝርዝሩን በእጃችን መጻፍ ተውን። ሄደሮቹን በእርግጥ የሚያነባቸው ኮምፓይለሩ ከሆነ፥ ያነበበውን ራሱ ይጻፍ! ጂ ሲ ሲን «ሰረዝ ኤም ኤም ዲ» ብለን ስናዘው፥ ከየኦብጀክቱ ጐን ስሙ በዲ የሚያልቅ ትንሽ ፋይል ያወጣል፤ በውስጡም ያ ክፍል የጠራቸው ሄደሮች፥ ከሲስተሙ በቀር፥ ተዘርዝረው ይገኛሉ። እነዚህን ፋይሎች በሜክፋይሉ መጨረሻ በ«ሰረዝ ኢንክሉድ» እንጠራቸዋለን። ከመካከላችን አንዱ «ዝርዝሩ የሚጻፈው ኮምፓይል ሲደረግ ከሆነ፥ ለመጀመሪያው ጊዜ ከየት ይመጣል?» ሲል ጠየቀ። በመጀመሪያው ጊዜ ኦብጀክቱም የለምና ሁሉም መሠራቱ አይቀርም፤ ዝርዝሩ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው። «ሰረዝ ኤም ፒ» ቢታከልበት ደግሞ፥ አንድ ሄደር ሲሰረዝ ሜክ «አጣሁት» ብሎ አይቆምም።

ከሳምንት በኋላ ፕሮግራሙን ስናሻሽል ግን ያው ነገር ደገመን። አሁን ማንንም ሳንከስስ ፋይሎቹን መረመርን። ለካ የገርጂው ባልደረባችን የኮምፒዩተሩን ሰዓት በሀበሻ አቈጣጠር ሞልቶት ኖሯል! እኛ ኦብጀክቱን የሠራነው ከምሽቱ 1 ሰዓት፥ እሱ ሄደሩን ያረመው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ሄደሩ በፍላሽ ሲመጣ ግን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ፥ ከኦብጀክቱ የቈየ መስሎ ታየ። ሜክም እንዲህ ያለውን አይነካውም። ሰዓቱ ወደ ፊት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ያስጠነቅቀን ነበር፤ ወደ ኋላ ለቀረ ግን ዝም ይላል።

ሰዓቱን ልናስተካክል ወደ ገርጂ ሄድን። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ ስለዚያች ሌሊትም በዚያው ይቅርታ ጠየቅነው። ሰዓቱ ግን አልተነካም፤ እናቱ ሰዓት የሚያዩት በዚያ ኮምፒዩተር ነው። ከገርጂ የሚመጣውን ፋይል በ«ተች» ትእዛዝ ሰዓቱን እያደስን እንቀበላለን።