ግዙፎቹ ካምቢዮ ውስጥ የሉም

መቼም የድሬ ሰው ስለ መኪና ሲያወራ አይጠገብም። ስለ ሞተር ዘይት ጠይቁት፤ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀየር፣ የትኛው ሱቅ ደህናውን እንደሚሸጥ፣ ጓደኛው በስስት ሳይቀይር ቀርቶ ሞተሩን እንዴት እንዳቃጠለ ጭምር ይዘረዝርላችኋል። ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ስትጠይቁት ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። "አቦ፣ እሱ አይነካም!" ለምን አይነካም? "አይነካማ!" አለቀ።

እኛ ደግሞ "አይነካም" ሲባል እየሰማን ያደግን ልጆች ነን። ቆጣሪው አይነካም፣ የአባባ ሬዲዮ አይነካም፣ የእንግዳ ቤት ሶፋ አይነካም። የዛሬው ወጋችን ነክተን ስላየነው አንድ "አይነካም" ነው። ቦታው ሐርላ ነው። ሐርላ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ወግ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ትስማማለች። ለምን እንደሆነ አስቀድመን እንንገራችሁ።

ግዙፎቹ

ሐርላ ከድሬዳዋ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከተራራው ወገብ ላይ የተቀመጠች የገጠር መንደር ናት። ገበሬው ለጫትና ለማሽላው መሬቱን ሲቆፍር ከጥንት የቀረ ነገር ያገኛል፤ የሸክላ ስባሪ፣ ጨሌ፣ አልፎ አልፎም የማይታወቅ ሳንቲም። የድሮዎቹ ቤቶች የተሠሩባቸው ድንጋዮች ደግሞ ትልልቅ ናቸው። ታዲያ ይህን ድንጋይ ማን አንስቶ ማን ደረደረው? ሽማግሌዎቹ መልስ አላቸው፤ እዚህ ይኖሩ የነበሩት ግዙፎች ናቸው።

የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው የአርኪዮሎጂ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ቆፈሩና በሰኔ 2009 ዓ.ም. ያገኙትን ይፋ አደረጉ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኘ። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኙ። ከብር፣ ከነሐስና ከከበሩ ድንጋዮች ጌጣጌጥ ይሠራበት የነበረ ቦታም ተገኘ። መቃብሩ ውስጥ ግን ግዙፍ አልተገኘም። ያንን ሁሉ የሠሩት እንደ እኛው ዓይነት ቁመት ያላቸው፣ መዶሻና ትዕግሥት የነበራቸው ሰዎች ናቸው።

እኛ ከዚህ የያዝነው አንድ ነገር ነው። ሰው ሲሠራው ያላየነውን፣ ሲከፈትም ያላየነውን ነገር ለግዙፍ እናስረክባለን። አውቶማቲክ ካምቢዮም እንደዚያው ነው።

ባቡሩ እምቢ ያለው ዳገት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከላይ ያለው ደንገጎ ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮቹ ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ይህን ተራራ መውጣት ወጪው ከብዶ ሐዲዱ ከሥር ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ ሆነ። በሌላ አነጋገር ከተማችንን የወለዳት አንድ ዳገት ነው።

ባቡሩ እምቢ ያለውን ዳገት ዛሬ የአጎታችን ፒካፕ ትወጣዋለች። አሮጌ ቶዮታ ናት፣ አውቶማቲክ። ጠዋት አትክልት ጭና ወደ ድሬ ትወርዳለች፤ ከሰዓት ሲሚንቶ፣ ዱቄት፣ አንዳንዴም የሙሽራ ዕቃ ጭና ትመለሳለች። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ካለች መጀመሪያ የሚንኳኳው የአጎታችን በር ነው። ስለዚህ ፒካፗ ስታምም የሚታመመው የአንድ ቤት ገቢ ብቻ አይደለም።

ታመመችም። ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ማርሽ ለመቀየር ታመነታለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም፤ ከዚያ ድንገት ከኋላ እንደተገፋች ሁሉ ትዘላለች። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረግነው። ደማቅ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡናማ ሆኗል፤ ሽታውም ምጣድ ላይ የተረሳ እንጀራ ነው።

አዋቂዎች ጠየቅን። አንደኛው "ይህ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም" አለን። ሁለተኛው "እስከዛሬ ካልተቀየረ አሁን ብትቀይሩት ካምቢዮው ይሞታል" አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይከፍት "ሙሉ ካምቢዮ ግዙ" ብሎ ገላገለን። ሙሉ ካምቢዮ! በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ያለችንን መኪና ማኖር ዛሬ ግዴታ ነው።

ውስጡ ምን አለ?

አጎታችን ዕድሜውን ሙሉ የነዳው ማንዋል ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ በእግሩ ጫማ ሞተሩን እያዳመጠ። አውቶማቲኩን "ኮምፒዩተር ነው" ይለዋል፤ እንዳይነካው የሚያደርገውም ይኼው ቃል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሠራነው ሥራ ቺያቤ ማንሳት ሳይሆን አንብበን ለእሱ ማስረዳት ሆነ።

እንዲህ አልነው። "ጋሼ፣ ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አቁም። አንዱን ብቻ ሶኬት ላይ ሰካው። ነፋሱ ሁለተኛውን ያዞረዋል አይደል? ሞተሩና ካምቢዮው መሐል ያለው ዕቃም እንደዚያው ነው፤ በነፋሱ ቦታ ዘይት ግባበት።" ስሙ ቶርክ ኮንቨርተር ይባላል። በእግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ያስቀረው እሱ ነው።

ዘይቱ ሥራው ብዙ ነው። የሞተሩን ጉልበት ያሻግራል፤ በግፊት ውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች እያጣበቀ ማርሽ ይቀይራል፤ ብረት ከብረት እንዳይፋጅ ያለሰልሳል፤ ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተር ሄዶ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ከባድ ጭነት ይዛችሁ ዳገቱን በዝግታ ስትወጡ የቬንትሌተሮቹ ፍጥነት አይመጣጠንም፤ ልዩነቱ ሙቀት ይሆናል። በድሬ ፀሐይ፣ በደንገጎ ዳገት፣ በየቀኑ። ዘይት ደግሞ ሲበስል ይበላሻል። "የዕድሜ ልክ" የሚለው ቃል የማን ዕድሜ እንደሆነ የሚነግረን የለም፤ የዘይቱ ዕድሜ ሲያልቅ የካምቢዮውም አብሮ ያልቃል።

አውቶማቲክ ካምቢዮን በብዛት አምርቶ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ኩባንያ ጄኔራል ሞተርስ ነው፤ ሃይድራማቲክ ብሎ በ1940 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ገጠመው። የሠሩት ደመወዝተኛ መሐንዲሶች እንጂ ግዙፎች አይደሉም። እርግጥ ካምቢዮ ውስጥ አንድ ግዙፍ ገብቶ ያውቃል፤ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ የካምቢዮ ዘይት ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመር ነበር። እሱም በሕግ ተከለከለና ወጣ።

"ብትቀይሩት ይሞታል" የሚለው ግን እንዲያው ተራ ወሬ አይደለም፤ ውስጡ እውነት አለ። የፍሪሲዮን ሰሌዳዎቹ ካለቁ አዲስ ዘይት አይመልሳቸውም። አሮጌ ካምቢዮን በማሽን ግፊት ማጠብም የተጋገረውን ቆሻሻ አስነስቶ ቀጫጭን መተላለፊያዎችን ሊደፍን ይችላል። ስለዚህ መንገዱ አንድ ነው፤ በራሱ የሚፈሰውን ብቻ ማፍሰስ፣ የፈሰሰውን ያህል መተካት፣ መንዳት፣ ደግሞ መድገም።

አጎታችን ዝም ብሎ ሰማን። "ቢሞትስ?" አለ።

"ጋሼ፣ ሳይቀየርም እየሞተ ነው።"

ለጥቂት ጊዜ ፒካፗን አየ። እኛም የምናየውን አየን፤ ያቺ መኪና ከቆመች የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያም ይቆማል። "በሉ፣ ቢስሚላሂ በሉና ጀምሩ" አለን።

ሥራው

ሜዳ ቦታ መረጥን። ካምቢዮ ዘይት ዘንበል ባለ ቦታ አይለካም። የጎረቤት ልጆች ሊያግዙን ሮጠው አንድ የተጠረበ ትልቅ ድንጋይ እያንከባለሉ መጡ፤ መኪናዋን ከፍ አድርገን ከሥር እንድናስደግፍበት። አጎታችን ተቆጣ። "መልሱት! እሱ የድሮዎቹ ነው።" ልክ ነበር፤ በሁለት በኩል። ድንጋይም ሆነ ብሎኬት ተሰንጥቆ ሰው ላይ መኪና ይጥላል፤ ክሪክ ብቻውንም አይታመንም። ደግነቱ ፒካፕ ከመሬት ከፍ ያለች ናት። ጎማዎቹን በእንጨት አግደን፣ የእጅ ፍሬኑን ስበን፣ ሳናነሳት ከሥር ተንሸራተን ገባን።

ሞተሩን ጥቂት አሙቀን አጠፋን፤ ለብ ያለ ዘይት በደንብ ይፈሳል፣ የፈላ ዘይት ደግሞ እጅ ይልጣል። የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታንና ሳፋ ደቀንን። የወጣው ቡና የመሰለ ነገር ነው። አንድ በአንድ በሊትር ሃይላንድ ላስቲክ ለካነው፤ ሦስት ሊትር ተኩል አለፍ ብሎ ቆመ። የቀረው ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው፤ አይወርድም።

ከዚያ የዘይት መያዣውን ትንንሽ ቡሎኖች በ10 ቁጥር ቺያቤ ፈታን። የፈራነው ይህችን ቅጽበት ነበር። መያዣው ውስጥ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ፤ የካምቢዮው ሐኪም እነሱ ናቸው። የብረት ቁራጭና የጥርስ ስባሪ ከያዙ ነገሩ አክትሟል። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ዱቄት ብቻ ከያዙ ግን የተለመደ መፋቅ ነው። በጣታችን ዳሰስነው። ላመ። ከመኪናው ሥር "ጭቃ ነው!" ብለን ስንጮህ አጎታችን ጭቃ እንዲህ የሚያስደስት መሆኑ ገርሞት ጎንበስ አለ።

የሚያልፉ አንድ አዛውንት ጎረቤት ደግሞ እግራችንን ብቻ አይተው ቆሙ። "ዩኒቨርሲቲ የተላካችሁት ለዚህ ነው እንዴ?" አሉ። "ለዚህም ነው አባባ" አልናቸው። ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን ያሉን ይኼው ነው፤ ወሬውን ከሦስት ሰው ሰምተህ ካልተስማማልህ ሄደህ ራስህ እይ።

የሽቦ ወንፊት የሆነውን ፊልትሮ በቤንዚን አጠብነውና አደረቅነው፤ ማግኔቶቹን ጠርገን ቦታቸው መለስን፤ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባን። ቡሎኖቹን በማቋረጥ ተራ በተራ፣ በክንድ ጉልበት ሳይሆን በቀስታ አጠበቅን፤ ቀጫጭን ስለሆኑ ይበጠሳሉ። የዘይቱን ዓይነት የሚወስነው የሱቁ ሰውዬ አይደለም፤ የእኛዋ መለኪያ ብረት ላይ "ዴክስሮን" ተብሎ ተቀርጿል፤ የገዛነውም ያንኑ ነው። ቀይ የሆነ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። ከአንድ ሃይላንድ አንገት ቆርጠን፣ ቀጭን ጎማ ቀጥለን፣ በመለኪያው ቀዳዳ በኩል የወጣውን ያህል ሞላን። ሞተር አስነሳን፤ ፍሬን ይዘን የማርሹን ዘንግ በየቦታው አሳለፍንና ወደ ማቆሚያው መለስን። ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ለካን። መስመሩ ላይ ነው።

የተቃጠለውን ዘይት ምስጥ እንዳይበላው እንጨት የሚቀባበት አለ፣ አቧራ ያስቀርልኛል ብሎ ደጁ የሚደፋውም አለ። ያ መሬት ግን ነገ ማሽላ ያበቅላል፣ ከሥሩም ውኃ አለ። በጀሪካን ከድነን ድሬ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ አስረከብን።

ታዲያ ዳነች?

ሒሳቡን እዩት። በአንድ ጊዜ የሚወጣው 40 ከመቶ ነው ብንል፣ ከመጀመሪያው በኋላ 60 ከመቶ አሮጌ ዘይት ይቀራል፤ ከሁለተኛው በኋላ 36፤ ከሦስተኛው በኋላ 22 ገደማ። እኛም በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ መያዣውን ግን ዳግም አልፈታንም። ከመጀመሪያው በኋላ ዝላይዋ ቀነሰ። ከሦስተኛው በኋላ የተጫነ ሲሚንቶ ይዛ ዳገቱን ሳታመነታ ወጣች። ጠዋት በቀዝቃዛው ሦስተኛ ማርሽ ለማስገባት አሁንም ትንሽ ትዘገያለች። ያለቀው አልቋል። ግን ትሠራለች፤ ሌሊት በር ሲንኳኳም ትነሳለች።

አጎታችን አሁን "ኮምፒዩተር ነው" ማለቱን ትቷል። ሰው ሲጠይቀው ሁለቱን ቬንትሌተሮች በእጁ እየሠራ ያስረዳል። እንዲያውም ባለፈው ከድሬ የመጣ አንድ ሹፌር "አይነካም" ሲለው የራሱን መለኪያ አስመዝዞ ዘይቱን ጨርቅ ላይ አሳየው።

ጎበዝ፣ ሁሉም ነገር ይነካ ማለታችን አይደለም። ያ የተጠረበ ድንጋይ አይነካም፤ የሁላችንም ስለሆነ፣ ሳይጠና ከተነሳም የሚነግረን ነገር ስለሚጠፋ። ካምቢዮው ግን የማይነካው ስለምንፈራው ብቻ ነበር። ሁለቱ "አይነካም" ሲጠሩ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ እስኪ እናንተም ቤታችሁ ያለው የትኛው እንደሆነ ለዩልን።