ክፍሉ ባዶ ነበር፤ መክፈት ግን አልተፈቀደላትም

የካቲት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሰሞን ነው። ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ባለ ስልሳ ክፍል ሆቴል ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት ሴት እናቷን በዊልቸር እየገፋች ገባች። ዱባይ አሳክማቸው መመለሷ ነው። ሲነጋ ወደ ደሴ ይሄዳሉ። ክፍሉን በስልክ የያዘላቸው ደሴ ያለው ወንድሟ ነው።

እንግዳ ተቀባይዋ ስማቸውን ኮምፒዩተሩ ላይ ፈለገች። አለ። ችግሩ የተመዘገበበት ቀን ላይ ነው። ወንድምየው ሲደውል «ዓርብ 8 ሰዓት ይደርሳሉ» ብሏል። ስልኩን ያነሳው የቀን ሺፍት ሠራተኛ ዓርብን ዓርብ ብሎ፣ 8 ሰዓትን ደግሞ የተለመደው የክፍል መረከቢያ ሰዓት አድርጎ መዘገበው። ብዙ ሆቴሎች ክፍል የሚያስረክቡት ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ ነገሩ ምንም አላስጠረጠረውም። ለሲስተሙ እነዚህ እንግዶች የሚመጡት ገና ከ12 ሰዓት በኋላ ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አለው። «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» ቢባል ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር። የአውሮፕላን ቲኬት ግን አጥቢያ አያውቅም። እኩለ ሌሊት ካለፈ ቀኑን ዓርብ ይለዋል። የሆቴል ሲስተም ደግሞ ሌላ ነው። ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን የሌሊቱ ሠራተኛ «ናይት ኦዲት» የሚባለውን ሒሳብ ሲዘጋ ነው። በዚያች ሰዓት ኦዲቱ ገና አልተሠራም ነበርና ኮምፒዩተሩ አሁንም ሐሙስ ላይ ነው። በሌሊት የሚገባ እንግዳ ክፍል ሊይዝ የሚገባው ካለፈው ቀን ጀምሮ ነው ማለት ነው። በዚህ ሥራ የቆየ ሁሉ ይህን ያውቃል። እንግዳ ተቀባይዋ ከወራት በፊት ለማኔጀሩ ሐሳብ አቅርባ ነበር፦ በስልክ ክፍል የሚይዝ ሁሉ «ሌሊት ነው ወይስ ቀን? ለየትኛው ቀን አጥቢያ?» ተብሎ ይጠየቅ፣ የበረራ ቁጥሩም ይመዝገብ። ማኔጀሩ «ጥሩ ነው፣ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ» አላት። ነገሩ እዚያው ቀረ።

«እህቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አለቻት ሴትዮዋን። ለእናትየውም ሻይ አስመጣች። በአቅራቢያው ወዳሉ አራት ሆቴሎች ደወለች። ሁሉም ሞልተዋል።

ስክሪኑ ላይ ግን አንድ ባዶ ክፍል ይታያል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ አጠገብ። «ብልሽት ያለበት» ተብሎ ተዘግቷል። ምንም ብልሽት የለበትም። ባለቤቱ ድንገት ለሚመጣባቸው ሰው የሚያስቀምጡት ክፍል ነው። ያንን ለመክፈት የሱፐርቫይዘር የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ሱፐርቫይዘሩ ሌሊት የለም። ማኔጀሩ ስልክ አላነሳም። የባለቤቱ ስልክ ዝግ ነው። የይለፍ ቃሉ ግን በወረቀት ተጽፎ ኪቦርዱ ሥር ተለጥፏል፤ ከጽዳት ሠራተኞቹ በቀር የማያውቀው የለም። ሱፐርቫይዘሩ በሌለ ቁጥር ሥራ እንዳይቆም ብለው ራሳቸው ሠራተኞቹ የለጠፉት ነው።

እናትየው ዊልቸሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ክፍሉን ከፈተችላቸው። የዓርቡን ምዝገባ ወደ ሐሙስ አዛወረችው። እንግዶቹ የአንድ ሌሊት ከፍለው ጠዋት ሄዱ። የተለቀቀው የዓርብ ክፍል ሰባት ሰዓት ሳይሆን ለሌላ እንግዳ ተሸጠ፤ ያውም በጉባኤ ዋጋ። ሆቴሉ አንድ ብር አልከሰረም።

ሰኞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። «በማይመለከታት የይለፍ ቃል ተጠቅማ ያለ ፈቃድ ክፍል በመክፈቷ» ይላል። የሦስት ቀን ደመወዝም ተቆረጠባት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ሆቴሉ የተጻፈ የሥራ ደንብ የለውም። እሷም በምንም አልፈረመችም። ነገር ግን ለሦስት ቀን ደመወዝ ብሎ የሚከራከር ሰው ሥራውን ለማጣት መዘጋጀት አለበት፤ እሷ ደግሞ የምታስተምረው ወንድም አላት።

የባለቤቱንም ወገን መስማት ይገባል። ሆቴሉን የሠሩት በባንክ ብድር ነው። ደረሰኝ በእጅ በሚጻፍበት ጊዜ ያመኑት ገንዘብ ያዥ ክፍል እያከራየ ሳይመዘግብ ብሩን ኪሱ ሲከት እንደነበር የደረሱበት ዘግይተው ነው። ሲስተሙን የገዙት ከዚያ በኋላ ነው። የሲስተሙ ክፍያ በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥም አይተዋል፤ ያኔ በኦንላይን የሚመጣ እንግዳ ቀርቶ የመጣውንም መዝግቦ መያዝ ጭንቅ ነበር። እንደ ቡኪንግ ያሉት የኦንላይን ገበያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ ዋጋ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ሰው ለማመን ቢቸገር አይፈረድበትም።

ስህተቱ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ሲስተሙ የተገዛው ሌባ ለመያዝ ነው። እንግዳ ለማስተናገድ ምን ያህል እንደሚረዳ ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ ሥልጠናው በሁለት ቀን አለቀ፤ ሪፖርቱ በየማታው በባለቤቱ ቴሌግራም ይገባል፤ ቅናሽ፣ የክፍል ለውጥ፣ የተረሳ ሻንጣ በታክሲ መላክ እንኳ የእሳቸውን ይሁንታ ይጠብቃል። ማኔጀር ተብሎ የተቀጠረው ሰው፣ ዲግሪም ልምድም እያለው፣ ሥራው «ጋሼን ልጠይቅ» ማለት ሆነ። ሶፍትዌሩ ስልሳውንም ክፍል በአንድ ስክሪን ያሳያል። የሚያየው ሰው ግን አንዱንም መወሰን አይችልም።

እንዲህ ያለው ቁጥጥር ሌብነትንም አይከላከልም። ውሳኔ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ሲታሰር ሥራው መንገድ ይፈልጋል፤ የይለፍ ቃሉ ኪቦርድ ሥር የተለጠፈው ለዚህ ነው። ነገ በዚያው ቃል አንድ አጭበርባሪ ቢጠቀም ሲስተሙ የሚመዘግበው የሱፐርቫይዘሩን ስም ነው። ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ የተገዛው መሣሪያ ማንነትን መደበቂያ ሆኖ አረፈው።

ሪትዝ ካርልተን በተባለው የሆቴል ድርጅት አንድ ተራ ሠራተኛ የእንግዳን ችግር ለመፍታት አለቃውን ሳይጠይቅ እስከ 2,000 ዶላር ማውጣት እንደሚፈቀድለት በሙያው የታወቀ ነው። የአዲስ አበባ ሆቴል 2,000 ዶላር ይስጥ የሚል የለም። አንድ ክፍል፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ እራት በቂ ነው። የሌሊት ሺፍት ኃላፊ በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል የተዘጋ ክፍል መክፈት ይችላል፤ ምክንያቱን በሁለት መስመር ይጽፋል፤ ጠዋት ማኔጀሩ ያየዋል። ያጠፋ ይጠየቃል፤ ያዳነ ይመሰገናል። ይህን ለማድረግ አዲስ ሶፍትዌር አያስፈልግም። አሁን ያለው ሲስተም ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተለየ ፈቃድ መስጠት ይችላል። የጎደለው ወስኖ የሚሰጥ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል በየጊዜው ይገነባል። ማሰልጠኛዎችም በየዓመቱ ሰው ያስመርቃሉ። ነገር ግን ልምድ ያለው ሠራተኛ በአንድ ቤት አይከርምም፤ ዱባይና ዶሃ ያሉ ሆቴሎች ይወስዱታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ደመወዝ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ደመወዝ ነው። ግን ደመወዝ ብቻ አይደለም። ትክክለኛውን ነገር ሠርቶ የተቀጣ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይሠራም። በሚቀጥለው ሌሊት ዊልቸር ላይ የተቀመጠች እናት ብትመጣ «ሲስተሙ አይፈቅድልኝም» ብሎ ሎቢ ውስጥ ያስነጋታል። ደንቡን አክብሯልና ማስጠንቀቂያም አይደርሰውም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን አስቀየሩ። ሎቢው ላይ ሁለት ተጨማሪ ካሜራ አስገጠሙ። እንግዳ ተቀባይዋ የዶሃ ፕሮሰስ ጀምራለች። በስልክ ክፍል ሲያዝ የሚሞላው ቅጽ ግን እንደ በፊቱ ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ ቀን ይላል። ለየትኛው አጥቢያ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር እስካሁን አልተጨመረበትም።