እንደ ዳክዬ መሄድ

የደብረ ብርሃን ሰው «ብርድን አውቃለሁ» ቢል ሐሰተኛ አይባልም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ተቀምጣለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት በሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል፤ እረኛውም በባና ተጠቅልሎ ከብቱን ያወጣል። በዚያ አገር ተወልዶ ያደገ አንድ መምህር ወደ ስዊድን ሊሄድ በተነሣ ጊዜ፥ ወዳጆቹ ስለ ብርዱ ቢያስጠነቅቁት፥ «ብርድስ ለእኔ እንግዳ አይደለም» ብሎ መለሰላቸው።

መምህሩ የተቀመጠባት ከተማ በሜላሬን ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሥራውም የኢትዮጵያውያንን ልጆች አማርኛ ማስተማር ነው። በስዊድን አገር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ያንን ቋንቋ በትምህርት ቤት ይማር ዘንድ ሥርዐት ቆሞለታል። ነገር ግን ዛሬ ሕጉ ወሰን አለው፤ በከተማው ውስጥ ቋንቋውን የሚሹት ልጆች ከ5 ካነሡ ከተማው መምህር ለማቆም አይገደድም። የዚህ መምህር ተማሪዎች ልክ 5 ነበሩ።

ልጆች ሆይ፥ በስዊድን ክረምት ማለት ዝናብ ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በጋ ሲሆንላት እነርሱ በክረምት ናቸው። መምህሩን በመጀመሪያ ያስደነቀው ግን ብርዱ ሳይሆን ጨለማው ነበረ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላም ትገባለች። ስለዚህ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለስ ነበረ። ሰዎቹ በየመስኮታቸው መብራት ያኖራሉ፤ ልጆችም መኪና እንዳይገጫቸው፥ ብርሃን ሲነካው የሚያበራ ትንሽ ነገር በልብሳቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ብርዱስ? በደብረ ብርሃን ብርዱ ቤት ድረስ ገብቶ ከሰው ጋር ያድራል፤ በዚያ ግን መስኮቱ ሁለትና ሦስት መስተዋት ስላለው በደጅ ይቀራል። በትምህርት ቤቱ በር ሁሉም ጫማውን ያወልቃል፤ መምህሩም በካልሲ ብቻ በልጆች ፊት መቆምን እስኪለምድ ድረስ እጅግ ያፍር ነበረ። ካልሲው በተቀደደ ቀን መምህር መሆን በእውነት ይከብዳል።

የአማርኛው ትምህርት ሐሙስ ሐሙስ፥ ሌላው ትምህርት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበረ። ከ5ቱ ተማሪዎች አንዱ፥ የ9 ዓመት ልጅ፥ ዓይኑን ከመስኮቱ አይነቅልም ነበረ፤ በውጭ በመብራት ሥር ጓደኞቹ በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉና። ሲጠየቅም የሚመልሰው በስዊድንኛ ነው። በጥር ወር በአንዱ ሐሙስ፥ ከፋሲካ በኋላ እንደማይመጣ በዚያው በስዊድንኛ ተናገረ። መምህሩም ተቈጥቶ፥ «ያባትህ ቋንቋ ከመንሸራተት አነሰብህን?» አለው። ይህ በሌሎቹ ልጆች ፊት ስለ ተነገረ ልጁ አቀረቀረ፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስም ቃል አልወጣውም። የመምህሩ ቍጣ ስለ ልጁ ብቻ አልነበረም፤ 5ቱ 4 የሆኑ እንደ ሆነ ክፍሉም እንጀራውም እንደሚቀር ያውቃል። ፍርሃት ብዙ ጊዜ የቍጣን ልብስ ለብሶ ይወጣል።

በዚያ ቀን ቀትር ላይ በረዶው ጥቂት ቀልጦ ነበረ። ሲመሽ ውሃው ረግቶ እንደ መስተዋት ሆነ፤ በላዩም አዲስ ነጭ በረዶ ወርዶ ሸፈነው። የከተማው ሠራተኞች ሰው እንዳያዳልጠው በመንገድ ላይ ደቃቅ ጠጠር ይበትናሉ፤ አዲሱ ግን ጠጠሩንም ቀብሮት ነበረ። መምህሩ እንደ ልማዱ በረጅም እርምጃ ከበሩ ወጣ። ሦስተኛውን እርምጃ ሲራመድ እግሩ ቀድሞት ሄደ፤ በጀርባውም ወደቀ፤ ቦርሳው ተከፍቶ ፊደል የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተበተኑ። ልጆቹ ሳቁ።

ያ ልጅ ግን አልሳቀም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለቀመ፤ በእጅጌውም ጠረጋቸው። ከዚያ ፈጠን ብሎ በስዊድንኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ መምህሩም አልገባውም። ልጁ ቃል ፍለጋ ጥቂት ዝም አለና፥ «እግር... አጭር አጭር» አለ። «እንደ ዳክዬ። አንተ እንደ ፈረስ ትሄዳለህ።»

በስዊድን ዛሬ ሽማግሌም መምህርም «አንተ» ይባላል። በሌላ ቀን ቢሆን መምህሩ «እርስዎ በል» ብሎ ያርመው ነበረ፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰውን ማረም ግን አይመችም። ደግሞም ልጁ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ይህን ያህል አማርኛ ተናግሮ አያውቅም ነበረ።

ልጁም አሳየው። የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ መለሰ፤ ጕልበቱን ጥቂት አጠፈ፤ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ክብደቱን ሁሉ በፊተኛው እግር ላይ እያሳረፈ በትንንሽ እርምጃ ሄደ። መምህሩም ከኋላው ተከተለ፤ ሁለቱም እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ድረስ እንዲሁ እየተወዛወዙ ሄዱ። በመንገድ ሳሉ መምህሩ፥ «ቅድም በጓደኞችህ ፊት ያልሁህ ክፉ ነበረ፤ ይቅር በለኝ» አለው። ልጁ አልመለሰለትም። በእግሩ ነጩን በረዶ ጠቅ አድርጎ፥ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

መምህሩ «በረዶ» ሊል ጀመረና ተወው። በአማርኛ ከዝናብ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደውም፥ የረጋው ውሃም፥ ይህም ነጩ ሁሉ በረዶ ይባላልና። በዚያን ጊዜ በልጅነቱ በዳዊት መዝሙር ያነበበው ቃል ትዝ አለው። «ይህ በላይ ያለው ለስላሳው አመዳይ ነው። በታች ሆኖ የጣለኝ በረዶ ነው። ጧት በሣር ላይ የምታየው ደግሞ ውርጭ ነው» አለው። ቃሉን ከ30 ዓመት በላይ ሲያውቀው፥ ነገሩን በእጁ የነካው በዚያ ክረምት ነበረ። ልጁ «አመዳይ» አለ፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስም ቃሉን በአፉ ሲያገላብጠው ቆየ።

በሚቀጥለው ሐሙስ መምህሩ መጋረጃውን አልዘጋም። ልጆቹን ወደ ውጭ አወጣቸው፤ እነርሱም በመብራቱ ሥር ፊደሉን በጣታቸው በአመዳዩ ላይ ጻፉ። ብርዱ ጣት ስለሚያቃጥል ከአ እስከ ይ ብቻ አራቱን ፊደል ጽፈው ገቡ።

ፋሲካ አለፈ። መምህሩ በሐሙሱ 5 ወንበር አሰናዳ፤ 4ቱ ሞሉ። ስም ሊጠራ መዝገቡን ሲገልጥ በሩ ተከፈተ፤ ልጁ ጭቃ የነካውን ጫማውን እያወለቀ፥ «ጋሼ፥ አመዳዩ አለቀ» አለ። «አሁን እንደ ፈረስ ሂድ።»