ዋሊያ ሲሸነፍ ቤታችሁም ይሸነፋል?

«ለተሸናፊ ቡድን ከሚያለቅስ ወንድ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል ጓደኞቼ። እጮኛዬ የብሔራዊ ቡድናችን ደጋፊ ነው። ደጋፊ ስላችሁ ማሊያ ለብሶ የሚጨፍር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት ቁርስ የማይበላ ዓይነት ነው። እኔ ደግሞ ለኳስ ደንታ የለኝም። ግን ሰውየውን ላገባው ነው! የሚያስለቅሰውን ነገር ማወቅ አለብኝ ብዬ ታሪኩን እንዲያጫውተኝ ጠየቅሁት።

ለካ ነገሩ ወዲህ ነው! በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲጀመር የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳንና እኛ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስለቀረች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ ግብፅም 4 ለ 0 አሸነፈቻት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግን ያችው ግብፅ ሁለቴ መራች፣ የኛዎቹ ሁለቴ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2! አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። እስከ ዛሬ ያለን የአፍሪካ ዋንጫ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያስ? በ1960 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን ተዘጋጅቶ አራተኛ ወጣን። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ግን ለ31 ዓመታት ወደ ውድድሩ ዝር አላልንም። እጮኛዬ የተወለደው በነዚህ የድርቅ ዓመታት ነው። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን፣ በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 መልሰን ስናልፍ ገና ልጅ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ደግሞ ጥር 13 ዋለ፤ ዋንጫው በተነሣ ልክ በ51 ዓመቱ! በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በ10 ሰው ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1። ይህን ሲያወራ ዓይኑ ያበራል።

ጓደኞቼ ግን በከንቱ አልሰጉም። ሰፈራችን ያለች አንዲት ባለትዳር «እኔ ውጤቱን የማውቀው በሩን ሲዘጋ ከሚሰማው ድምፅ ነው» ትላለች። ቡድኑ ሲሸነፍ ባሏ ጠጥቶ ይመጣል፣ ዕቃ ይሰብራል፤ እሷ ልጆቿን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ይሄን ሰምታ የማትፈራ ማን አለች?

ስለዚህ የኔን ሰው አስተዋልኩት። በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን 4 ለ 1 ስታሸንፈን አብረን ነበር ያየነው። ዝም አለ። እስከ ቤቴ ሸኘኝና «ዛሬ ጨዋታ የለኝም፣ ነገ እናውራ» ብሎኝ ሄደ። በነጋታው ደወለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ በአገር ውስጥ ካፍ የፈቀደው ሜዳ ጠፍቶ ማላዊ ድረስ ሄደን ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ደግሞ ለእናቴ ሳይቀር ደውሎ እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው!

እህቶቼ፣ ምክሬ ይኸው። «ኳስ ነው፣ ምን ሆንክ?» አትበሉት፤ ለናንተ ኳስ ነው፣ ለሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የጠበቀው ነገር ነው። ለአንድ ምሽት ተዉት። ነገር ግን የቤት ኪራዩን ከጠጣበት፣ እጁን ካነሣባችሁ ኳሱ ሰበብ ነው፤ ዋሊያ ቢያሸንፍም ሌላ ሰበብ አያጣም። ቶሎ ለቤተሰብ ተናገሩ፣ ሳትጋቡ ከሆነም ራቁት። ወንድሞቼ፣ እናንተም 90 ደቂቃው ሜዳ ላይ ይለቅ።

እኔ ቀለበቴን አላወልቅም። 31 ዓመት ሙሉ ያልቀናው ቡድን ላይ ተስፋ ያልቆረጠ ሰው፣ እኔ የከፋኝ ቀን ይሸሻል ብዬ አልሰጋም።